ቀሪ አንድ

አራት ኪሎ፣ ማታ፤ ዝናብ በመስኮቱ፤
ጸሎት አድርሰናል፣ ተጀምሯል ትምህርቱ።
መጋቢ ኤልያብ ወረቀት አደሉን፤
«የማስተርሳችሁን ግቡን ጻፉ» አሉን።
«በእምነት የታነጸ...» ብላ ጀመረች፣
ከጎኔ አስናቀች ሦስት ግብ ደረደረች።

እኔ የቀን ክፍሌን ሒሳብ አሰላለሁ፦
ስልሳ አንድ ልጆች፣ ሦስት ሦስት በዴስኩ፤
ድርሻው ሃያ ዴስክ፣ ቀሪ አንድ።
ቀሪው ደረሰ ነው።
ስም ስጠራ፣ «ደረሰ!» ስል፣ ክፍሉ ይስቃል፤
«አልደረሰም ቲቸር፤ ዛሬም ቀርቷል።»
ወር ሊሞላው ነው።

ወረቀቴ ባዶ።
እስክሪብቶዬን ጥዬ ደረጃውን ወረድኩ።
ሰባትን ሲያባዛ የማውቀው ያ ድምፅ፣
ሻክሮ፣ ከታክሲ በር ላይ፣ በዝናቡ፦
«ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው! ግቡ!»