ባለሰንጢው

ኤላት፣ ከባሕሩ ሥር፣ መስታወት ስጠርግ፣
ቡናማ ዓሣ መጣ ከወዲያ ማዶ ጥግ።
ጎብኚ አያነሳው፣ ፎቶ አያምርበት፤
እንደኔ ቱታ ነው፣ ቀለሙ ያለቀበት።
እሱ ከውጭ በጥርሱ አልጌውን ይፍቃል፤
እኔ ከውስጥ በጨርቅ፤ የልጅ ጣት መች ያልቃል?

ፈንታነሽ ነገረችኝ፦ ጅራቱ ጎን ሰንጢ አለው፤
ቀዶ ጠጋኝ ይሉታል። መቅደዱንስ አወቅነው፣
መጠገኑን ማን አየው?

ስቃ የሆዷን ስፌት በቱታዋ ላይ ነካች።
ከላይ ኤዶም ቀልቶ ፀሐይ አዘቀዘቀች፤
ዓሦቹ ተሰለፉ፣ አንድ ባንድ፣ ያለ አዛዥ፣
የኋላው የፊቱን ሰንጢ የሚከተል ተጓዥ።
እኛም ባልዲ ደፍተን፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣
ሰንጢያችን ታጥፎ ነው፤ ሹፌሩ በምን ይወቅ።