ዓይንና ናጫ

ኅዳር እዚህ አገር የበጋ ደጃፍ ነው፤
ቃጠሎ ሳይነሳ ወረቀት ሚቀድመው።
«ከስንዝር ያለፈ ሣር ያለው ሰው ይጨድ፣
እንቢ ካለም» ይላል «ቅጣቱን ይውሰድ።»
እሺ፤ ማን እንቢ አለ? እኔስ ሣር አልወድም?
ችግሩ ሣሩ ነው፤ እሱ እኔን አይወድም።

ነፋስ ከሰሜን ሲነሳ፣ ከስንዴው ማሳ ማዶ፣
የሣር አበባ ዱቄት እንደ ጭስ ተንዶ፣
ሌላውን ሳይነካ፣ ከሰው ሁሉ መሃል
የእኔን ሁለት ዓይኖች በስም ይጠራቸዋል።
መጀመሪያ ማሳከክ፣ ልክ እንደ ሹክሹክታ፤
ከዚያ አሸዋ፤ ከዚያ እሳት፤ ከዚያማ የዓይኔ ቆብ
ያብጣል፣ በቡጢ እንደተመታ።

«አትሸው» ትል ነበር ኖሪን፤ «እጅህን አንሳ፤
ባሸኸው ቁጥር ነው ቁጣው የሚነሳ።»
ጠብታውንም እሷ ነበረች፤
ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ አገጬን ቀና አድርጋ፣
«ጣራውን እይ» ብላ፣
ሁለት ጠብታ። በቃ።

ዘንድሮ ኖሪን የለችም።
(አልሞተችም፤ አትደንግጡ።)
ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ቤንዲጎ ሆስፒታል ተኝታ፣
በስልክ ትቆጣጠረኛለች ጧትና ማታ።

ስለዚህ ታጠቅሁ።
ኪኒኑን ከቁርስ በፊት፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ፣
ሣሩን ውኃ አርከፍክፌ፣ ዱቄቱ እንዳይነሳ አስቤ፣
የልጅ ልጄን የዋና መነጽር
(ሮዝ ነው፤ ዓሣ ተስሎበታል)
አጠለቅሁ፤ ላስቲኩ አናት ይበሳል።
ገመዱን ጎትቼ ሞተሩን ቀሰቀስሁ፤
ለሁለት ዙር ያህል ንጉሥ ነበርሁ፤ ማንንም አላየሁ።
ያላየሁትም በኩራት አልነበረም፤
መነጽሩ በላብ ጉም ለብሶ፣ ዓለም ወተት ሆኖ፣
አጥርም መንገድም አልነበረም።
ሦስተኛው ዙር ላይ የኖሪንን ጽጌረዳ አጨድሁ።
(እባካችሁ እንዳትነግሯት።)
መነጽሩን አወለቅሁ።
ነፋሱም ይኸንኑ ነበር የሚጠብቀው።

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ፤ ጠርሙሱን በዳበሳ ከፈትሁ።
አንዱ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ፣ አንዱ ጺሜ ላይ አረፈ፣
አንዱ ጆሮዬ ገባ።
ዓይኔ ግን ጠርሙሱ በቀረበ ቁጥር
እንደ ቀንድ አውጣ ቤቱ ገባ።

ለስሊ ፓስኮ ጎረቤቴ ነው። ይኸው ስምንት ዓመት
ዓይንና ናጫ ነን፤ ለአንዲት የአጥር እንጨት፣
ለአራት ጣት መሬት።
ፖስታ ሣጥኑ ጋ ስንገጣጠም
እሱ ሰማይ ያያል፣ እኔ ጫማዬን።

«ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»
ከአጥሩ ማዶ ነው። ድምፁ ትንሽ ዝጓል።
«አላለቅስም» አልሁ። «ሣሩ ነው።»
«ሣሩ» አለ። ዝም አለ።
ከዚያ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤
ሰባ ዓመት የሞላው ሰው አጥር ሲዘል
ለማየት ባልታደል፣ ሰማሁ።

«ወዲህ በለው።»
እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ አውራ ጣቱ ሞረድ ነው፤
በዚያ ጣት የዓይኔን ቆብ ቀስ ብሎ ከፈተው፣
የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደሚከፍት።
ጣራ የለም። «ሽቦው ላይ ያለችውን ወፍ እይ» አለ።
አየሁ፤ ጥቁርና ነጭ፣ እየዋኘች።
ጠብታው ቀዝቃዛ ነበር።
ልሽሽ ብል ወዴት? አገጬ መዳፉ ላይ ነው፤
እስትንፋሱ ሽንኩርት ይሸታል፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም ጉልበት።
«ሌላኛው» አለ።

ከዚያ ምንም ሳይል ሞተሩን ጎተተ፤
የቀረውን ሣር እሱ አጨደልኝ፣ ከዳር እስከ ዳር።
አጥሩ ሥር ያለችውን አራት ጣት ግን ዘለላት።
ሣሩ እዚያ ብቻ ቆሞ ቀረ፣ ጉልበት ድረስ፣
አበባውን በሁለታችንም ላይ እያራገፈ።

ማታ ኖሪን ደወለች።
«ጠብታውን ማን አደረገልህ?»
«ናጫው» አልኋት።
ሳቀች፤ ዳሌዋን እስኪያማት ሳቀች፣ ነርሷ እስክትመጣ።
«ጽጌረዳዬስ?» አለች ስታበቃ።
መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።