ጣቴን አላነሣሁም

ስለ ቬንያሚን ሹሚሎቭ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?
"ሊቅ ነበር ወይስ ጨካኝ?" እያላችሁ ታደርቁኛላችሁ፤
እኔ ፒያኖ መቺ ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመት በሙሉ
ፊቴ ወደ ግድግዳ ነው፣ ከጀርባዬ ነው ሰው ሁሉ።
ያወቅሁት በኮቴው ነው፤ ሲዘል ሳይሆን ሲያርፍ፣
ድመት ከምድጃ ወርዳ በሌሊት እንደምታልፍ።

የፔርም ልጅ ነው፤ ከካማ ወደብ፣ ከክሬኖቹ ሥር፣
አባቱ ብረት ጫኝ፣ እጁ የማይታጠፍ፣ ቃሉ የማይሰበር።
"ልጅህ ለባሌት ተመረጠ" ሲሉት ቀበቶውን ፈታ፤
"ወንድ በእግር ጣቱ አይቆምም!" በዚያች ማታ
ቬንያ አጥሩን ዘለለ። መምህሩ በመንገድ ሲያልፍ አየ፤
"ተወው" አለ አባትየውን፤ "ልጅህ አየር ላይ ቆየ።"
(እንዲህ እያለ ያወራል እሱ፤ እኔ ግማሹን አምናለሁ፤
ግማሹን ደግሞ፣ ሲዘል ስሰማው፣ እጨምራለሁ።)

በሃያ ሦስት ዓመቱ ልዑል ሆኖ ሲደንስ፣
ለንግሥቲቱ የሚንበረከክበት ቦታ ሲደርስ፣
ቆመ። ኦርኬስትራው ጠበቀው። ቆመ።
"ጉልበቴ አልታዘዝ አለ" ብሎ ለአለቆቹ ፈረመ።
ዓመት ሙሉ ደሞዝ የለ፤ ድንች ላጠ፣ ፖስታ አደለ፤
ሲመለስ በእጁ "ጨው" የተባለ ባሌት አለ።

በጥንቱ ፔርም ጨው ተሸካሚ ነበር፣ ጆሮው የቀላ፣
ከጆንያው የሚረግፍ ጨው ቆዳውን የበላ።
ላባ የለ፣ ሐር የለ፤ በእግር ጣታቸው የቆሙ ሴቶች፣
በትከሻቸው የእውነት ጆንያ፣ የእውነት ጨው፣ እንደ ጥንቶቹ ወንዶች።
ግማሹ ቆሞ አፏጨ፣ ግማሹ ቆሞ አነባ፤
የጄኔራሉ ሚስት ወጣች፣ ወንበሯ ላይ ትታ አበባ።
የጣፈጣቸው እጁን ሳሙ፤
ያልጣፈጣቸው "ድንጋይ ነህ" ብለው ሊጥሉት ተስማሙ።

ታይሲያን ግን ማንም አልጻፋት።
የካቲት ነበር፤ መስኮቱ በረዶ ለብሶ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ጆንያውን ተሸክማ ዞረች።
"እንደገና" አለ። ዞረች።
"እንደገና።"
ጉልበቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሽ ሲል ሰማሁ፤
ቀጥሎ ጨው ሲፈስ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ።
"ሙዚቃው አይቁም!" አለ።
አላቆምኩም። ጣቴን ከቁልፎቹ አላነሣሁም።
ገጹ አለቀ፤ ገለጥኩት።

ኮሚቴው ጠራኝ፦ "ክላቭዲያ ኒካኖሮቭና፣ ምን አየሽ?"
"ፊቴ ወደ ግድግዳ ነበር" አልኩ።
እውነት ነው።

እሱ አንትወርፕ ሄደ፤ ሽልማት፣ ፎቶግራፍ፣ ሁለት ትዳር፤
ታይሲያ እያነከሰች ሕፃናት ታስተምራለች፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው እንጨት ዳር።

ባለፈው ማክሰኞ በሩ ተከፈተ። ኮቴውን አላወቅሁትም፤
አንዱ እግር ይጎተታል፣ ከዘራም አለ።
"ጫማህን አውልቅ" አለች ታይሲያ፤ "ወለሉ ታጥቧል።
የመንገድ ጨው ይዘህ ገብተሃል።"
ጎንበስ አለ። ማሰሪያው ራቀው።
ሕፃናቱ እንጨቱን እንደያዙ ያዩታል።
"ክላቭዲያ፣ ከመጀመሪያው" አለችኝ፤ "እንደገና።"
ጣቴን አላነሣሁም።
ወንበሬን አዞርኩት።