ቃል ቆጣሪው

ካንፑር፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ጎዳና
የጋዜጣው ቢሮ አለ፤ መስኮቴ ጠባብ ነውና
ከመጣው ሰው ደረቱን፣ እጁን፣ ኪሱን ብቻ ነው የማየው፤
ፊቱን ሊያሳየኝ የሻተ ማጎንበስ ያለበት እሱ ነው።

ሥራዬ ቃል መቁጠር ነው፤ ሃያ አንድ ሞላኝ ዓመቴ፣
ለእሑዱ የጋብቻ ገጽ፣ ቀለም በበላው በዚህ ጣቴ።
«ቀይ ዳማ፣ ባለ ዲግሪ፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ጨዋ»፤
እያንዳንዷ ቃል ሠላሳ ሩፒ ነው ዋጋዋ።
ስንቱን ሙሽራ መዘንኩ፣ ስንቷን በመስመር ቸረቸርኩ፤
«እና»ን እየሰረዝኩ ለድሃ አባት ስንቴ ሠላሳ ታደግኩ።

ማክሰኞ ትሪቬኒ ሹክላ መጡ፤ ኮታቸው እጅጌው ያለቀ፤
ከአንገታቸው ሥር ነጭ ክር፣ በልብሳቸው ያልተደበቀ።
«ልጄ ሠላሳ አራት ሞላት» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤
«ከዚህ ወዲያ ማን ይመጣል? ዕድሜ አይመለስ ኮብልሎ።
ጻፍ፦ የዘር ገደብ የለብንም።»
                              ቆጠርኩት፤ ሦስት ቃል።
ሦስት ቃል! በመስኮቴ ነፋስ ገባ፤ እውነት ይመስላል።

ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ፣ ጣታቸው መስኮቱን መታ፦
«ቆይ፣ አንድ ነገር ጨምርበት፤ ለገንዘቡ አላመነታ።
‹ከቆዳ ፋቂና ከጠራጊ በቀር› በል፤ በቅንፍ ይሁን።
ዓለም ቢለወጥም ወንድሜ፣ ሰው አይጥልም አጥንቱን።
የኛ አጥንት ከሃያ ቢስዋ ሃያ ነው፤ አንድ ያልጎደለ፤
አያቴ ነው ለአሥራ ዘጠኝ እንኳ እህቱን አልሰጥም ያለ!»

ስሜ ማንጋል ኩሪል ነው። መስኮቴ ላይ ግን «ማ. ኩ.» ይላል።
አባቴ ጃጅማው ቆዳ ሲያለፋ ኖራ ጥፍሩን በልቶታል።
ይህን ሹክላ አያውቁም። ጽሕፈቴን ዐይናቸው በላ፦
«የጨዋ ልጅ እጅ ነው ይሄ! ደም አይደበቅ በሌላ!»
«አመሰግናለሁ» አልኩ።
የሰባቱን ቃል፣ ሁለት መቶ ዐሥር፣ ቆጥሬ ተቀበልኩ፤
አባቴን ከቅንፉ ውስጥ በገዛ ብዕሬ አስቀመጥኩ።

ያን ማታ ቤቴ ስገባ፣ ደሜ ገና ሳይበርድ፣
ለሚስቴ ልነግራት ነበር ያን ጉድ፣ ያን የመስኮት ፍርድ።
እሷ ግን ቀደመችኝ፤ «ልጅህ ሊያገባ ነው» አለች፤
«ነርስ ናት፤ ፑኒታ ትባላለች፤ ከልቡ ገብታ የቆየች።»
«እሰየው! የማን ናት?» አልኩ። ጥያቄው ከአፌ አመለጠ።
የማን ናት! መስኮቱ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ተቀመጠ።
«አባቷ በባቡር ሆስፒታል ቦይ ይጠርጋሉ።»
                              «ጠራጊ?
እኛ ቆዳ እንጂ መቼ ሰገራ ነክተን እናውቃለን?
ሰውስ ምን ይላል? ዘመድስ ነገ ምን ይለን?»

አልኩ። እኔ። በዚሁ አፌ።
ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። አልጮኸም፤ አልተቆጣም፤
«ይሄን ስንት ቃል ብለህ ቆጠርከው?» አለኝ። መልስ አልመጣም።

እሑድ ዕለት ጋዜጣውን በብብቴ ይዤ ሄድኩኝ፤
ከሐዲዱ ማዶ ካለው ሠፈር ደጃፋቸው ላይ ቆምኩኝ።
እናትየዋ በብረት ኩባያ ውኃ ቀድታ አቀረበች፤
ዐይኗን ከእጄ አላነሣችም፤ እሷም ቆጣሪ ነበረች።
ስንቱ እንግዳ ከዚያ ኩባያ ፊት «ጾመኛ ነኝ» ብሏታል!
እኔም ልለው ነበር፤ ምላሴ መንገዱን ያውቃል።

ጠጣሁ። አንድ ጉንጭ። ሁለት።
ውኃ አጥንት የለውም ይላሉ፤
ሦስተኛው ግን ነበረው።
ሳልኩ። ሴትየዋ ጠበቀች።
ልጄ ወይ አላየኝም፣ ወይ አይቶ ዝም አለኝ።
እንደ ምንም ዋጥኩት።