እጅ የሰጠበት ሰዓት

ቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ድሬ በጠራራ፣
ቆርቆሮ ጣሪያው ሲንጣጣ ሲያጓራ፣
በምድር ባቡሩ የድሮ ጋራዥ ውስጥ፣
አንድ የማይዝግ ብረት፣ ስድስት ሜትር ቀጥ፣
በሦስት እግር ላይ አግድም ተኝቶ፣
እንደ ሠርግ ትሪ ፊቱን አብርቶ።

ሂንዲያ «ጨምሩ» ትላለች፤ ዘይቱ ይገፋል፣
ጃኩ ያቃስታል፣
እኔ ከሥር ተንበርክኬ መርፌዋን አያለሁ፣
ስንት ሚሊ እንደወረደች ጮክ ብዬ እጠራለሁ።
ዋይስ ሮብሌ፣ አርባ ዓመት ፉርጎ ሲጠግን የኖረ፣
ጡረታ ወጥቶም ከዚህ በር ያልቀረ፣
ሽርጡን ሰብስቦ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤
ዓይኑን ጨፍኖ ብረቱን ያዳምጣል።

«ኧረ ይኼ ዲዳ ነው!» አለ ቆየት ብሎ።
«የኛው ጥቁር ብረት ያውቃል መናገር፤
ይሸከማል፣ ይሸከማል፣ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር፣
ከዚያ ባንዲት ቅጽበት ‹በቃኝ!› ይልሻል፣
ቅርፊቱ እየረገፈ ወገቡ ይሄዳል።
ይኼስ? መቼ ነው እጅ የሚሰጠው?»

ሂንዲያ ሣቀች። ወረቀቱን አሳየችው።
«ተመልከት አቦ፣ መስመሩ ስብራት የለውም፤
ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ሲጎብጥ
ከየት እንደጀመረ ማንም አይለየውም።
ግን ሕግ አይደል፣ ቁርጥ ያለ ነገር ይፈልጋል፤
ሳይመለስ የቀረው ከሺህ ሁለት ሲሞላ
እዚያ ላይ እናሰምራለን፣
‹እጅ ሰጠ› እንላለን።
እሱ ግን አላለም።»

ጨመርን።
የመሀሉ እግር ላይ ጎበጠ ትከሻው።
ደብተሬ ውስጥ ያለው የድሮ ስሌት ‹አለቀ› አለው።
አላለቀም። የደከመው ቦታ በጎበጠ ቁጥር እየጠነከረ፣
የተረፈውን ሸክም ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያሻገረ፣
ሌላ አንድ ሰዓት ቆየ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ ብሎ
የአሥራ ሁለተኛው ንባብ ቀለም ፈሰሰ።

ድንገት ሂንዲያ፦ «ባቡሩስ የቆመው መቼ ነው?»
ዋይስ አፉን ከፍቶ፣ ዝም።
«በየቀኑ ነበር… በሳምንት ሦስቴ ሆነ…
ከዚያ ጭነት ብቻ… ከዚያ ፊሽካው መነመነ…
እኛ ግን ጠዋት ጠዋት እንፈርም ነበር።
ምን ቀን ነው?… ‹ቆመ› ያለን ሰው እኮ የለም!»
ዘንበል ብሎ ወረቀቷን በጥቁር ጥፍሩ ነካው፤
«በይ ከሺህ ሁለት ላይ አስምሪልኝ፣ እኔም ልወቀው።»

አመሻሽ ላይ ዘይቱን ለቀቅን። ብረቱ ተነሣ፤
ከፊሉን ተመለሰ፣ ከፊሉን ረሳ፤
አርባ ሦስት ሚሊ ጎብጦ ቀረ። ጻፍኩት።
«ልትጥሉት ነው?»
«አዎ፣ ሥራው አብቅቷል።»
ጎረምሶች ጠርቶ ከኒሟ ጥላ ሥር አስጎተተው፣
በሁለት የሐዲድ ቁራጭ ደግፎ ወንበር አደረገው፣
ሄዶም ተቀመጠ፣
እዚያው በጎበጠበት፣
በጠነከረበት።