ሦስት ዓይነት ርቀት

ኮይምባቶር፣ ግንቦት፣ የፓምፕ ዘንግ ፋብሪካ፤
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱ አይለካ።
ከአራተኛው ቶርኖ የሚወጣው ሁሉ
አንዱ ሲጠብ አንዱ ሲሰፋ ነው አሉ።
ደንበኛው መለሰ አራት ሣጥን ጭኖ፣
ክዳኑ ላይ ‘ውድቅ’ በቀይ ተበይኖ።

ቀን የሚሠራበት ኢሩላፓን ነው፤
ሌሊቱን ማሩዳን። ሆድና ጀርባ ናቸው።
ቃል አይለዋወጡም፤ ሲገናኙ በር ላይ
አንዱ መሬት ያያል፣ አንዱ ደግሞ ሰማይ።
ስድቡ ግን በካርቶን፣ በጠመኔ ተጽፎ
ከቶርኖው አናት ላይ ያድራል ተለጥፎ፦
‘ስለቱን አዶልዱሞ ጥሎልኝ የሄደው ማነው?’
‘አንተ ያጣመምኸውን እኔ ነኝ የማቃናው!’

አለቃችን ካንዳሳሚ ደብዳቤ አስጻፈ፤
ስሙ ብቻ ቀርቶ፣ ቦታው ክፍት ታለፈ።
‘እስከ ዓርብ ንገሪኝ፣ ቀኑ ነው ወይስ ሌቱ?
ከሁለቱ አንዱ ይሂድ፣ ይግባ ወደ ቤቱ።’

እኔ ለኪዋ ነኝ፣ ተንሞዢ ይሉኛል፤
ልዋሽ አልፈልግም፣ ልቤ አዳልቶብኛል፦
ማሩዳን ከወንድሜ ብስክሌት ተውሶ
ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልሰጠም መልሶ።
‘እሱ ነው’ አልኩ በሆዴ። ግን ጣት ከመቀሰር
ሦስት ቀን ለመንሁ፣ አንድ ማይክሮሜትር።

በየሁለት ሰዓቱ አምስት አምስት ወሰድሁ፣
ሳልመርጥ፣ እንደወጡ፤ እስኪበርዱ ጠብቄ
ከራስ እስከ ጅራት እየለካሁ ወረድሁ።
ለእያንዳንዱ ዘንግ ቁም መስመር አሰመርሁ፤
ሰፊ ጫፉን ከላይ፣ ጠባቡን ከታች አኖርሁ።

ርቀት ሦስት ነው።
በአንዱ ዘንግ ገላ ውስጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ፤
በዘንግና በዘንግ፣ ተከታትለው ሲያልፉ፤
በሰዓትና ሰዓት፣ በቀንና ሌሊት፣
ፈረቃ ሲለወጥ፣ ሲጠፋ ያ መብራት።
ሦስቱን አንድ ላይ አጉረን ‘ልዩነት’ ስንለው
ጥፋት የሚሸከም ሰው ነው የምንፈልገው።

በሁለተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ
መብራት ድርግም አለ፣ ጠፋ ምድር ሰማይ።
ማሩዳን በስልኩ አበራልኝ መጥቶ፤
‘ስሜን ጻፍሽው?’ አለኝ፣ ድምፁ ተጎትቶ።
‘ገበታው ስም የለው። ያለው ሰዓት ብቻ።’
ሣቀ። ‘ይኼ ሰዓት እኔ ነኝ፣ እኔ ብቻ።’

ዓርብ ጠዋት ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት።
የቀኑ ጭፍራ ይኸው፣ የሌቱ ጭፍራ ይኸው፤
አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ እኩል ነው ከፍታው።
ጎን ለጎን ያሉትም መንትያ ይመስላሉ፣
እንደ ሸንበቆ አጥር ተሰልፈው ያሉ።
ግን እያንዳንዷ መስመር ረጅም፣ መለሎ፤
አርባ ማይክሮን ሙሉ፣ የፀጉር ግማሽ አክሎ።
በቀንና ሌሊት ስንፈልገው የነበር
በአንድ ዘንግ ራስና ጅራት ውስጥ ያድር ነበር፤
ሆድና ጀርባስ ቢሆን የአንድ ገላ ነገር።

የቶርኖው ኋላ ደጋፊ ከመስመሩ ወጥቶ፣
ከሥሩ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ገብቶ፣
ጥፍር የማታህል። ኢሩላፓን በመርፌ ጎርጉሮ
መዳፉ ላይ አያት፣ መናገር ተቸግሮ።

ካንዳሳሚ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤
አልቀደደውም።
ሁለቱ ከገበታው ፊት ቆሙ፣ ክንድ ሳይነካካ።
ኢሩላፓን ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ
‘የኔ የትኛው ነው?’ አለ።
ማሩዳን ራሱን ነቀነቀ። አላወቀም።

በማግስቱ ካርቶኑ እዚያው ነበር፣ ስድቡ ግን ተፍቆ፦
‘ዘይት ጨምሬበታለሁ’፣ የጻፈው ተደብቆ።

ብስክሌቱ ግን፣
ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።