ማንሳት

ቂርያት መላኺ። ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣
ሱቁ ሊዘጋጋ፣ ግርግሩ ሲላላ፣
አባ ይርዳው ጋሪያቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤
ጠርሙሶቹ በየጉድጓዱ እንደ ጥርስ ይንገጫገጫሉ።
ከሱፐርማርኬት የተጣለ ጋሪ ነው፣ አንድ እግሩ ያነክሳል፤
ወደ ቀኝ ሲገፉት ወደ ግራ ይመለሳል።
አንድ ጠርሙስ፣ ሠላሳ አጎሮት፤
ቀን ሙሉ ቢጎነበሱ፣ የዳቦና የመድኃኒት።

«ደህና ዋልሽ ስንታየሁ?»
(በኮሌጅ ሊአት እባላለሁ።)

ላንሳዎት ወይ አላልሁም። ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ፣
በአንቱታ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፤
ቋንቋዬ ራሷ ፈቃድ መሰለችኝ።
አፌ ሲያጫውታቸው ጣቴ ቀማ፣ ደግሞ ቀማ፤
ብርሃኑ ግሩም ነበር፦ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ጨለማ።

«እኔ ጠርሙስ ሳነሳ፣ አንቺ እኔን» አሉ፣ እየሳቁ።
ከዚያ ጋሪውን አቆሙ።
«መጀመሪያ ያነሱኝ ከአውሮፕላን ስወርድ ነው።
ግንባሬ ላይ ቁጥር ነበር። ልጄ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው፤
ቁጥሩ ይነበባል፣ ስሜ የለም።
ስንቱ አነሳኝ መሰለሽ! ከወደቅሁበት ግን አልተነሳሁም።
እንዲያውም ልጄ፣ ባነሱኝ ቁጥር አነስሁ።
እሁድ ነይ። ሱፍ አለኝ።
እንደ ሰው ሆኜ አንሺኝ።»

እሁድ ሄድሁ።
ከረባቱ የልጃቸው ነው። ከሶፋው ጫፍ ቀጥ ብለው፣
መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣
ሌንሱን ሳይሆን እኔን አዩ።

መምህሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ።
«ይኼ የቤተሰብ አልበም ነው» ብሎ ሱፉን ገለበጠ።
«ይኼኛው ግን...» ጋሪውን ይዞ ዝም አለ፣
እንደ ጸሎት ዝም አለ፣ ዓይኑም እንባ አዘለ።
ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም።
ካሜራም የለውም።

ቴል አቪቭ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወይን ጠጅ።
ከሥዕሉ ግርጌ፦ «ጠርሙስ ሰብሳቢ»።
ስማቸውን አልጻፍሁም። «ክብራቸውን ለመጠበቅ» አልሁ፤
ደጋግሜ ስለው ራሴም አመንሁ።
አንዲት የጥርስ ሐኪም ገዛችው፣ ለታካሚዎቿ መጠበቂያ ክፍል፣
አራት ሺህ ሁለት መቶ ሼኬል።
መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በስልኬ አካፈልሁት፦
አሥራ አራት ሺህ ጠርሙስ።
አሥራ አራት ሺህ ጊዜ መጎንበስ።

የሱፉን ፎቶ በመስታወት ከፈፍ ወሰድሁላቸው፣
በፖስታ አምስት መቶ ሼኬል ጨምሬ። «ለሰንበት» አልሁ።
ከምን እንደመጣ አልተናገርሁም።
ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅለው፣ ራቅ ብለው አዩት።
«ይኼ እኔ ነኝ» አሉ።
ቀጥለው፦ «የጋሪውስ?»

«ተበላሸ፣ አባ። ብርሃን በዛበት።»

«እሰይ። እንኳን ቀረ።»
በዚያ በተሰነጣጠቀ መዳፍ ራሴን ዳበሱ፣
ዓይናቸውን ጨፍነው መረቁኝ፦
«ዓይንሽን አይንሳሽ።»